ቀጣፊ የተባለው ስድስተኛው ምሰሶ

ጋሽ ውሃልክ ያን ዕለት ጠዋት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲገቡ ደስ ብሏቸው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ እንዲያዝንላቸው ብዬ አይደለም። ሰው የሚወድቅበትን ቀን ፀጉሩን አበጥሮ፣ ጫማውን አስጠርጎ ሊቀበለው እንደሚችል ልብ እንድንል ብዬ ነው።

«ውሃልክ» ስማቸው አይደለም። ግንበኞች የደረደሩት ብሎክ ማዝመም አለማዝመሙን የሚያዩባት፣ በሆዷ ውስጥ አረፋ የምትንሳፈፍባት መሣሪያ ውሃልክ ትባላለች። እሳቸውም ሰው ቤት ገብተው የተሰቀለ ፎቶ ትንሽ ዘንበል ካለባቸው፣ «ይቅርታ» ብለው ተነሥተው ሳያቃኑት አርፈው አይቀመጡም። ሠላሳ አራት ዓመት በቀያሽነት ሠርተዋል፤ አሁን የልኬት ቢሮው ኃላፊ ናቸው። በከተማው ውስጥ «ጋሽ ውሃልክ ለክተውታል» ከተባለ ክርክር እዚያው ላይ ያበቃል። ትልቅ ክብር ነው። የምነግራችሁ መከራም የመጣው ከዚሁ ክብር ነው።

በብብታቸው አርባ ሁለት ገጽ ሪፖርት ይዘዋል። በከተማው ዳር ካለው ኮረብታ ሥር አርባ አንድ ቤቶች አሉ። ነዋሪዎቹ ግድግዳችን ተሰነጠቀ፣ በራችን አልገጥም አለ ብለው ለከተማው ጽሕፈት ቤት አመልክተው ነበር። ጽሕፈት ቤቱም ዝናብ ሳይገባ ቁርጡን ንገሩን ሲል የልኬት ቢሮውን ጠየቀ። ቁርጡ በመጨረሻው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ «በኮረብታው ላይ የሚያሰጋ እንቅስቃሴ አልታየም። ነዋሪዎቹ ባሉበት ሊቆዩ ይችላሉ።» ከሥሩ የጋሽ ውሃልክ ፊርማ አለ። የቀረው ማስጠረዝና እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ማስረከብ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አለች የቤቱ ባለቤት፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ማሽኑ ውስጥ ከትታ። «ወረቀት ዋጠችብኝ። ይቺ ማሽን ጠዋት ጠዋት እንደኔው ናት፤ ካልጮኹባት አትነሣም።»

ከወረፋው አንዲት ወጣት ሴት ሳቀች። ጋሽ ውሃልክ ሳቁን ዐወቁትና ዘወር አሉ። የሟች ታናሽ ወንድማቸው ልጅ ናት፤ በኮሌጅ የልኬት ትምህርት ታስተምራለች። አባቷ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ከለቅሶው ወዲህ የአጎቷን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ለምን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ፤ እሷም እንደሚያውቁ ታውቃለች።

«ጋሼ! እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ልጄ፣ እናትሽስ? ጠፋሽ እኮ!»

«ደህና ነን። ሥራው ነው።» ሥራው እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ግን ሰው ፊት ስለሆነ እንዲህ ተባባሉ። ዓይኗ ከሪፖርቱ ሽፋን ላይ አረፈ። «የኮረብታው ነው?»

«አዎ፣ የኮረብታው ነው።»

«ስድስተኛው ምሰሶስ?»

«እንደ ልማዱ ተጥሏል» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ፈገግታው ግን ፊታቸው ላይ አልቆየም። ልጅቷ ኮፒ ልታስደርገው በእጇ የያዘችውን ጥቁር ደብተር ደረቷ ላይ ለጠፈች። ደብተሩ የማን እንደሆነ ለማወቅ መክፈት አላስፈለጋቸውም፤ ጠርዙ በመስክ ጭቃ ወይቧል፣ በላስቲክ ታስሯል። ታናሽ ወንድማቸው ደብተር የሚያስረው እንደዚያ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ኮረብታውን ለመከታተል ስድስት የሲሚንቶ ምሰሶዎች ተተከሉ። አምስቱ የቆሙት ከቤቶቹ በላይ ባለው ሜዳማ እርከን ላይ ነው፤ መኪና ይደርሳል፣ መሣሪያ ለማውረድም ይመቻል። ስድስተኛው ከሸለቆው ማዶ አለት ላይ ብቻውን ቆሟል፤ እዚያ የሚደረሰው ዳገቱን በእግር እየተነፈሱ ነው። ዳገት የማይፈራው ታናሽየው ስለነበረ ስድስተኛው ላይ የሚለካው እሱ ሆነ። በየዓመቱ የሁሉም ንባብ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ በየዓመቱ ስሌቱ የስድስተኛውን ንባብ ከሌሎቹ አልስማማ አለ ብሎ ይጥለዋል። ሠራተኛው ምሰሶውን «ቀጣፊው» ብሎ ሰየመው። ቆይቶ ታናሽየው ቢሮ ሲገባም «ቀጣፊው መጣ» ይባል ጀመር። ጋሽ ውሃልክ ስድስት ዓመት ታገሡ። ከዚያ «ዓይኑ ስለደከመ» የሚል ደብዳቤ በገዛ እጃቸው ጽፈው ወንድማቸውን ወደ ዕቃ ቤት አዛወሩት። በቦታው የተላከው ሌላ ቀያሽ ወጣት ነበር፤ ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው። እሱም ያንኑ ንባብ ይዞ መጣ። ያኔ ጋሽ ውሃልክ፣ «እንግዲያው የምሰሶውን ሥር ውሃ እየበላው ነው» አሉ እንጂ ወንድማቸውን ከዕቃ ቤት አላወጡትም። ገመድና ካስማ ሲቆጥር አምስት ዓመት ቆይቶ ሞተ።

እንግዲህ ፍረዱ። ዓይኑ ተጠረጠረ፣ ምሰሶው ተጠረጠረ፤ ስሌቱን ግን ማንም አልጠረጠረም።

«ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች ልጅቷ። ሪፖርቱን ለባለቤቲቱ ሰጥተው፣ ደጅ ላይ የወረቀት ካርቶን ከተደረደረበት አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«ጠይቂኝ ልጄ። የተማርሽው ለመጠየቅ አይደል?»

«ስሌቱ ንባብ የሚጥለው በምን ምክንያት ነው?»

ጋሽ ውሃልክ ስለ ስሌቱ ሲጠየቁ ወገባቸው ይቀናል። «ስሚ። ብዙ ሰው አንድ ነገር ሲለካ መቼም አንድ ዓይነት ቁጥር አያመጣም፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀቱ አየሩን ያወዛውዘዋል። የድሮው የትንሹ ካሬ ስሌት እያንዳንዱን ልዩነት በራሱ ያባዛና የሁሉም ድምር የሚያንስበትን መልስ ይፈልጋል። ደካማ ጎኑ፣ አንድ ሰው ክፉኛ ከተሳሳተ ሁሉንም ወደ ራሱ ይጎትታቸዋል። የኛ ግን ስህተት የማይበግረው ነው። ከሌሎቹ ያፈነገጠውን ንባብ ያይና ክብደቱን ይቀንስበታል። እንደገና ያሰላል፣ እንደገና ይቀንስበታል። በመጨረሻ ያ ንባብ ቢኖርም እንደሌለ ይሆናል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳፈረኝም።»

«አላሳፈረዎትም ወይስ ማሳፈሩን አላወቁም?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጋሼ አይቆጡኝ። መሣሪያ ከመስክ በፊት ይፈተሻል። እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ፣ ያልተፈተሸ መሣሪያ ይዞ የወጣ ቀያሽ ከቢሮው ይውጣ ብለው በር ላይ የለጠፉት? ስሌቱንስ ማን ፈተሸው?»

«ስሌት ሒሳብ ነው። ሁለትና ሁለትን ማን ይፈትሻል?»

«ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ የምለው ፍርዱን ነው። ይህ ስሌት ዳኛ ነው፤ አንዱን ንባብ ቅን፣ ሌላውን ቀጣፊ ይላል። ከመቶ ስንት ጊዜ ልክ ይፈርዳል? ስንት ጊዜስ ንጹሑን ይኮንናል? ይህን ሳያውቁ ፍርዱን መፈረም ያስፈራል።»

ጋሽ ውሃልክ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የመጣው ከጉሮሮ ነው። «እንዲያው በሞቴ፣ ይህን በምን ልታውቂ ነው? እውነተኛውን ብናውቀው ኖሮ መለካቱ ለምን ያስፈልገን ነበር?»

«ደህና ጠየቁ። እውነቱን ራሳችን እንፈጥረዋለን! ኮምፒውተር ላይ ስድስት ምሰሶዎች አቆምኩ። የት እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። መስክ ላይ እንደሚሆነው ንባቡን ሁሉ ትንሽ ትንሽ አንቀጠቀጥኩት። ከዚያ በገዛ እጄ ስህተት ቀበርኩበትና፣ በሉ ፈልጉ ብዬ ለርስዎ ስሌት ሰጠሁት። ያገኘውን መዘገብኩ። እንደገና ሌላ ቀበርኩ። እንዲህ እያልኩ አንድ ሺህ ጊዜ።»

«አንድ ሺህ ጊዜ!»

«ኮምፒውተሩ ነው የሚደክመው። በመጀመሪያ የቀበርኩት አንድ መጥፎ ንባብ ብቻ ነበር። ከሺው ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለቱን ያዘው።»

«አላልኩሽም!» ጋሽ ውሃልክ ጉልበታቸውን መቱ። «አላልኩሽም! ስልሳ ሁለት እንኳ ትርፍ ነው።»

«ይታገሱኝ። ሁለት መጥፎ ንባብ ስቀብር ወደ ሰባት መቶ ወረደ። ሌላ ንባብ የማያመሳክረው፣ ብቻውን ያለ ንባብ ላይ ስቀብር ደግሞ ግማሹን ሳያይ አለፈው። በመጨረሻ አምስቱን ምሰሶዎች አንድ ላይ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ገፋኋቸው። ስድስተኛውን አልነካሁትም።»

«እና?»

«አምስቱን አንድም ጊዜ አልያዛቸውም። ስድስተኛውን ግን ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ጊዜ ቀጣፊ አለው።»

ከውስጥ የማሽኑ ጩኸት ይሰማል፤ ባለቤቲቱ ለአንዱ ደንበኛ «ቀስ በል፣ አትግፋኝ» ትላለች። ጋሽ ውሃልክ ተቆጡ።

«አምስት ምሰሶ አንድ ላይ እንዴት ይሄዳል? ምሰሶ እግር አለው? የሕፃን ጨዋታ አታምጪብኝ!»

«ጋሼ፣ አምስት ሰዎች የጭነት መኪና ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ስድስተኛው መንገድ ዳር ቆሟል። መኪናው እጅግ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ መሄዱ እንኳ አይሰማም። አምስቱ ሲተያዩ ማንም ከማንም አልራቀም። መንገድ ዳር ያለው ግን ሲያዩት ይርቃል። ማን ሄደ ይላሉ?»

«መንገድ ዳር ያለው» አሉ ሳያስቡት።

«ድምፅ ይስጡ ቢባልስ?»

«አምስት ለአንድ ነዋ…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። እጃቸው ሳያውቁት ኮሌታቸውን ማቃናት ያዘ። እርከኑ ታያቸው፤ መኪና የሚደርስበት፣ መሣሪያ ለማውረድ የሚመች፣ ለጥ ያለው እርከን። አምስቱን ምሰሶዎች እዚያ ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። ቦታውን የመረጡት ስለሚመች ነው፤ ሥሩ አለት መሆን አለመሆኑን አስቆፍሮ ያየ የለም።

«ይህን ሁሉ የደከምሽው ለአባትሽ ስም ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ለአባቴ ስም ከሆነ ረፍዷል። አርባ አንዱ ቤት ግን ገና ቆሟል።»

«ያንቺ ሙከራ ሊሆን የሚችለውን ይናገራል። ስድስተኛው ቆሞ አምስቱ መሄዳቸውን በምን አረጋገጥሽ?»

ልጅቷ ላስቲኩን ፈታች። ጋሽ ውሃልክ መነጽራቸውን አወጡ። በየገጹ የታናሽየው ጠባብ፣ ቀጥ ያለ ጽሕፈት ሞልቷል። የታዘዘው ንባብ በሰማያዊ ተጽፏል። ከሱ ሥር ማንም ያላዘዘው ሌላ ንባብ በቀይ አለ፤ ከስድስተኛው ምሰሶ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ከማዶ አለት ላይ የተሠራውን የውሃ ታንከር ጥግና የአሮጌውን ድልድይ እግር ለክቷል። ስድስት ዓመት። ታንከሩ ያው፣ ድልድዩ ያው፤ ልዩነቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ምሰሶው ከኋላው ካሉት ነገሮች ሁሉ ጋር ይስማማ ነበር። የማይስማማው ከአምስቱ ጋር ብቻ ነው።

በመጨረሻው ገጽ ግርጌ እንዲህ ይላል፤ «ለጋሼ ወስጄ አሳየሁት። ስሌቱ ጥሎታል አለኝ። ገጹን አላየውም።»

ወይ ነዶ! ያ ቀን ትዝ አላቸው። ሻይ እየጠጡ ነበር። ታናሽየው በሩ ላይ ቆሞ፣ ደብተሩን ከፍቶ፣ «ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ» አለ። እሳቸው ከብርጭቆው ቀና ሳይሉ፣ «ስሌቱ ጥሎታል፤ አትጨቅጭቀኝ» አሉት። ደብተሩን ሲዘጋ የላስቲኩ ድምፅ ሳይቀር ትዝ አላቸው። ያኔ ቀና ቢሉ ምን ነበረበት? አንድ ገጽ ለማየት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

«አባቴ ዓይኑ አልደከመም ነበር» አለች ልጅቷ።

ጋሽ ውሃልክ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ባለቤቲቱ የሪፖርቱን ጠርዝ በሳስታ ሽቦውን ልታስገባ ነው።

«ተዪው ልጄ፣ አይጠረዝ።»

«እንዴ ጋሼ! ማሽኗ ገና ልብ ስትገዛ?»

«ስህተት አለበት» አሉ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ስለ ገዛ ሥራቸው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አጎትና የወንድም ልጅ መሣሪያ ተሸክመው ሸለቆውን ተሻገሩ። ጋሽ ውሃልክ ዳገቱን ከወጡት ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሦስት ጊዜ አረፉ። ስድስተኛው ምሰሶ በቦታው አለ። አንዱ ሠራተኛ ለቀልድ በቀይ ቀለም ትልቅ መስቀለኛ ሠርቶበታል። ሥሩን ውሃ አልበላውም፤ ሥሩ ድንጋይ ነው። ይህን ለማወቅ ዓይን ብቻ ይበቃ ነበር፤ ሥሩን ጎንበስ ብሎ ያየ ግን አልነበረም። መሣሪያውን አቁመው ለኩ። እሷ አነበበች፤ እሳቸው አነበቡ። ታንከሩ ያው ነው። አምስቱ ምሰሶዎች፣ እርከኑ፣ ከሥሩም የቤቶቹ ጣሪያ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ አንድ ላይ ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ወርደዋል። ዘጠኙ ሳንቲ ሜትር የዘንድሮ ብቻ ነው።

ጋሽ ውሃልክ አለቱ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ልጅቷ ለማባበል አልሞከረችም። የመሣሪያውን ባለሦስት እግር ማቆሚያ እያጠፈች ጠበቀቻቸው።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ እንግዲህ እውነቱ ከታወቀ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ይል ይሆናል። እኔም እንዲህ ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ።

በማግስቱ አዲሱን ሪፖርት ይዘው የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። የጽሕፈት ቤቱ ሹም አገላብጦ አየውና፣ «ጋሽ ውሃልክ፣ አሥራ ሁለቱ ሪፖርትዎ አንድ ነገር ይላል፤ ይሄ አንዱ ሌላ ይላል። ለአንድ ሪፖርት ብዬ አርባ አንድ ቤት ላስለቅቅ? ይጣራና እናያለን» አላቸው። ለማጣራት ኮሚቴ ይቋቋማል ተባለ። ጋሽ ውሃልክ ደረጃውን ሲወርዱ ኮረብታው ሥር ያለው የመንደሩ ቧንቧ ጋ ሰዎቹን ለመሰብሰብ ወስነው ነበር።

ሰዎቹ መጡ። ጋሽ ውሃልክ ለክተውታል ከተባለ ማን ይቀራል? ጋሽ ውሃልክ ሁሉንም ዘርዝረው ነገሯቸው። ስሌቱ ብዙዎቹ የሚሉትን እንደሚያምን፣ ብዙዎቹ አብረው ሲሳሳቱ ግን ብቻውን የቆመውን እንደሚኮንን፣ ይህን ሳይፈትሹ አሥራ ሁለት ዓመት መፈረማቸውን አልደበቁም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እባካችሁ ውጡ። ዛሬ ብትወጡ የምታጡት ግድግዳ ነው። ልጆቻችሁ፣ አልጋችሁ፣ የእጅ ሥራችሁ ይተርፋል። ምናልባት ተሳስቼ ከሆነም ዝናቡ ሲያልፍ ትመለሳላችሁ፤ ያኔ እኔን ስደቡኝ።»

ለነዋሪዎቹ መልስ የሰጠው አናጢው ነው። በመንደሩ የተከበረ፣ ትሑት ሰው ነው።

«ጋሽ ውሃልክ፣ እኛ እርስዎን እናከብራለን። ግን እርስዎ አይደሉ እንዴ አምና እዚችው ቧንቧ ጋ ቆመው፣ ኮረብታው ከኔ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል ያሉን? እኔ በዚያ ቃል ተማምኜ ለልጄ ጎጆ ቀለስኩ።»

«ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነው።»

«በሮቹ አልገጥም የሚሉት እንጨት በእርጥበት ስለሚያብጥ ነው። የዚህን መንደር በር በየዓመቱ የምልገው እኔ ነኝ።»

«በየዓመቱ?» አለች ልጅቷ። «የሁሉንም ቤት? ከየትኛው ጥግ ነው የሚልጉት?»

አናጢው አሰበ። «ከታችኛው፣ በቁልቁለቱ በኩል።»

«ከሁሉም ቤት በዚያው በኩል?»

«በዚያው በኩል። ለዚህ እኮ ነው እርጥበት ነው የምለው፤ ሁሉም ላይ ስለሆነ!»

ጋሽ ውሃልክ ይህን ሲሰሙ ቅስማቸው ተሰበረ። አሥራ ሁለት ዓመት እሳቸው ያሰቡት ይህንኑ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ካለ ምን ስህተት ይኖራል ብለው።

«የሚወጣ እጁን ያውጣ» ተባለ። አርባው ቤት እጁን አላወጣም። ያወጣችው አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻ ነበረች። «በሬ አይዘጋም፣ አይዘጋም ብዬ ስንት ዓመት ጮህኩ» አለች። «ሰሚ አላገኘሁም። ለኔስ የጋሽ ውሃልክ ቃል ይበቃኛል።» ዕለቱን የስፌት መኪናዋን አወጣች፤ አንዱን ጫፍ ይዛ ያገዘቻት ልጅቷ ናት።

ሰዉ ሲበተን አንድ ሽማግሌ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አድርጎ፣ ይሰሙኛል ብሎ ሳያስብ፣ «ምን ታረገዋለህ፣ እርጅና ነው። ዓይናቸው ደክሟል» አለው። ጋሽ ውሃልክ ሰሙት። የቧንቧውን እግር ተደግፈው ቆሙ። ያን ደብዳቤ ሲጽፉ ወንድማቸው ምን እንደተሰማው ያወቁት ያኔ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበር በር ዞሩ። ሲመክሩ፣ ሲለምኑ፣ አንዳንዱ ቤት ሲሳቅባቸው ሰነበቱ። የስድስተኛውን ንባብ በየሁለት ቀኑ ወስደው መንደሩ ውስጥ ለጠፉ። አንዳንድ ሰው ቁጥሩ ሲጨምር አይቶ ፈራ። ዝናቡ ሲገባ አሥራ አራት ቤቶች ባዶ ነበሩ። አናጢው የልጁን ቤተሰብ አስወጥቶ እሱ ቀረ፤ ዕቃ የሚጠብቅ ያስፈልጋል ብሎ። ኮሚቴው አልተሰበሰበም ነበር።

ኮረብታው የወረደው ዝናቡ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። አምስቱ ምሰሶዎች እንደተደረደሩ፣ ርቀታቸውን እንደጠበቁ ነበር የወረዱት ይላሉ ያዩት። ከሃያ ሰባቱ ቤት ወሬ ነጋሪ አልተረፈም። የአሥራ አራቱ ቤት ሰዎች፣ ስልሳ ስምንት ነፍስ፣ ዛሬም አሉ፤ ልብስ ሰፊዋ አሁንም ትሰፋለች።

የዚህ ታሪክ ምክር ምን እንደሆነ መናገር የኔ ግዴታ ነው። ጋሽ ውሃልክ ሥራቸውን ከመልቀቃቸው በፊት ከልጅቷ ጋር ተቀምጠው ለቢሮው አዲስ ደንብ አወጡ። ከእንግዲህ ማንኛውም ስሌት፣ ስህተት የማይበግረው የሚባለውም ቢሆን፣ ስህተት በእጅ ተቀብሮበት ሺህ ጊዜ ሳይፈተሽ ሥራ ላይ አይውልም። በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ከመልሱ ጎን፣ ስሌቱ ከሺህ ስንቱን እንደሚስት፣ ስንቱን ንጹሕ እንደሚኮንን ይጻፋል። አንድ ንባብ በተጣለ ቁጥር አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ ቦታውን ያያል፣ ያነበበውንም ሰው ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል። ደንቡ ጥሩ ነው። ዛሬ ሌሎች ከተሞች ቀድተውታል፤ በአንዱ ቦታ ግድብ ሳይሰነጠቅ ተደርሶበታል፣ በሌላው ድልድይ በጊዜ ተዘግቷል። ይህን ደንብ ለማውጣት የሚያስፈልገው አንድ ከሰዓት በኋላና ሁለት ገጽ ወረቀት ነበር። በኛ ከተማ የወጣው ከቀብሩ በኋላ ነው።

ፊርማቸውን ካኖሩ በኋላ ጋሽ ውሃልክ፣ «የአባትሽን ደብተር አሳዪኝ» አሉ። ልጅቷ ሰጠቻቸው። የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ፤ «ገጹን አላየውም» ከሚለው ሥር፣ «አየሁት፤ ታላቅ ወንድምህ» ብለው ጻፉ። መስመሩ ጠመመባቸው። አላቃኑትም። ደብተሩን በላስቲኩ አስረው ለልጅቷ መለሱላት።